ሳሙኤል በቤተ ልሔም ምን አየ?

ጥያቄ፦ «በመጀመሪያው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 16 ቁጥር 7 ላይ እግዚአብሔር ነቢዩ ሳሙኤልን መልክንና ቁመትን እንዳያይ ይከለክለዋል። አምስት ቁጥር ወረድ ሲል ግን ጸሐፊው ራሱ ዳዊት ዓይኑ የተዋበ፣ መልኩም ያማረ እንደ ነበረ ይነግረናል። ይህ እርስ በርሱ አይጋጭም? ደግሞስ እግዚአብሔር ልቡን አይቶ ከመረጠው፣ በቤርሳቤህ ጊዜ ያ ልብ የት ሄደ?»

ምላሽ፦ ዕብራይስጥ በማስተምርባቸው ዓመታት የጥያቄዎን የመጀመሪያ ክፍል ተማሪዎች እጃቸውን አውጥተው ይጠይቁኛል። ሁለተኛውን የሚጠይቁኝ ግን ትምህርቱ ካለቀ በኋላ፣ ኮሪደር ላይ አቁመውኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። እርስዎ ሁለቱን አብረው ማንሣትዎ ደስ ብሎኛል፤ ሁለቱም ከአንድ ግምት የሚነሡ ናቸውና። ግምቱም «እግዚአብሔር ግን ልብን ያያል» የሚለው ቃል ለዳዊት ልብ የተሰጠ ምስጋና ነው የሚለው ነው። ብዙ ስብከት የተሠራው በዚህ ግምት ላይ ነው። ምንባቡ ግን እንዲህ አይልም። ቁጥር 7 ሲነገር ዳዊት ገና ሜዳ ላይ ነው፤ ስሙም አልተነሣም። የሚወቀሰው የሳሙኤል ዓይን ነው።

እስቲ ከመንገዱ እንጀምር። ሳሙኤል ወደ ቤተ ልሔም የሄደው በሐዘን ነበር፤ ሳኦል ከተጣለ ጀምሮ ሲያለቅስለት ቆይቷል። ሳኦል ቢሰማ ይገድለኛል ብሎ ስለ ፈራም ለመሥዋዕት የሄደ እንዲመስል ጊደር ይዞ ነው የደረሰው። የከተማዪቱ ሽማግሌዎች ሲያዩት ተንቀጠቀጡ፤ የመጣው በሰላም እንደሆነ ጠየቁት። ሁሉም ሰው ትንፋሹን ውጦ ባለበት በዚህ ሰዓት እሴይና ልጆቹ ወደ ግብዣው ገቡ። የበኩሩ ኤልያብ ቀድሞ ታየ፤ ነቢዩም ወዲያው «የሚቀባውስ ይኸው ነው» ብሎ በልቡ ወሰነ።

ነቢይ እንዲህ ያለ ስሕተት እንዴት ይሠራል? መልሱ ጥቂት ምዕራፎች ወደ ኋላ ይገኛል። ሳኦል በምዕራፍ 9 ሲተዋወቀን መልከ መልካም ነው፤ ከትከሻው በላይ ከሕዝቡ ሁሉ ይረዝማል። በምዕራፍ 10 ደግሞ በምጽጳ ሕዝቡ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ይህን ቁመት እያሳየ «እግዚአብሔር የመረጠውን ታያላችሁን? እርሱን የሚመስል የለም» ብሎ የተናገረው ሌላ ሰው ሳይሆን ሳሙኤል ራሱ ነበር። ሰውየው ንጉሥ የቀባው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በዚያች አንድ ጊዜ የተቀባው ሰው ረጅም ነበር። እንግዲህ ረጅም ወጣት ሲያይ እጁ ወደ ቀንዱ ዘይት ቢሄድ ምን ይገርማል? ስለ ኤልያብ የተነገረውን ልብ ይበሉ፤ «ናቅሁት» ይላል። ይህ ግሥ በቁጥር 1 ላይ ስለ ሳኦል የተነገረው ያው ግሥ ነው፤ በምዕራፍ 8 ሕዝቡ ንጉሥ በጠየቀ ጊዜም «የናቁት እኔን ነው» ተብሎ በዚሁ ግሥ ተነግሯል። ኤልያብ በምዕራፉ ውስጥ ምንም በደል አልሠራም። የተተወው ሁለተኛ ሳኦል ሆኖ ስለ ታየ ነው፤ እንዲያ ያየውም ሳሙኤል ነው።

አሁን ወደ ዕብራይስጡ እንግባ፤ አማርኛ አንባቢ እዚህ ላይ የእንግሊዝኛ አንባቢ የሌለው ዕድል አለውና። የምዕራፉ ቁልፍ ግሥ «ራአ» ነው፤ የግእዙ «ርእየ»፣ ማለትም አየ። እግዚአብሔር በቁጥር 1 ላይ ከእሴይ ልጆች መካከል ንጉሥ «አዘጋጅቻለሁ» አለ የሚሉት ብዙ ትርጉሞች ትክክል ናቸው፤ ቃል በቃል ግን «ለእኔ ንጉሥ አይቻለሁ» ነው የሚለው። አብርሃም ለይስሐቅ ስለ በጉ ሲመልስለት «ያዘጋጃል» ተብሎ የተተረጎመውም ይኸው ግሥ ነው። ከዚያ ሳሙኤል ኤልያብን «አየ»፤ «አትይ» ተባለ፤ ሰው እንደሚያይ አይደለም ተባለ፤ ሰው ወደ ዓይን ያያል፣ እግዚአብሔር ወደ ልብ ያያል ተባለ። በጥቂት መስመሮች ውስጥ ይህ ሁሉ ማየት የተደረደረው በአጋጣሚ አይደለም። ምክንያቱም በምዕራፍ 9 ሳኦል የባለ ራእዩን ቤት ሲጠይቅ ሳሙኤል የመለሰለት «ባለ ራእዩ እኔ ነኝ» ብሎ ነበር። በ11ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው አይሁዳዊ ተርጓሚ ራሺ ይህን አልለቀቀውም፦ ራስህን ባለ ራእይ ብለህ ጠርተህ ነበር፤ እነሆ እንደማታይ አሳይሃለሁ እንደ ማለት ነው ይላል። ትንሽ ጨከን ያለ ቢመስልም፣ ምንባቡ ይህን ቀልድ ራሱ አዘጋጅቶ ያስቀመጠ ይመስለኛል።

ቀልዱ በዚህ አያበቃም። ባለ ራእይ በዕብራይስጥ «ሮኤ» ነው፤ በአልፍ ይጻፋል። እሴይ በቁጥር 11 ስለ ቀረው ልጁ ሲናገር የሚጠቀምበት ቃል «ሮዔ» ነው፤ በዐይን ይጻፋል፤ ትርጉሙም እረኛ ማለት ነው። የእኛ ግእዝ ይህንኑ ጥንድ ሳይጥል ይዞታል፦ «ርእየ» በአልፍ አየ ነው፤ «ርዕየ» በዐይን መንጋ አሰማራ፣ ጠበቀ ነው። «ራእይ» የሚለው ቃል ከመጀመሪያው፣ «መርዔት» የሚለው የመንጋ ስም ከሁለተኛው ይመጣል። ዛሬ አልፉንና ዐይኑን በአንደበታችን አንለይም፤ በጽሑፍም እያደባለቅን ነው። የጥንቱ ዕብራዊ ግን ይለይ ስለ ነበር ሁለቱን ቃላት አቀራርቦ መጫወት ይችል ነበር። ያላየው ሮኤ ያልታየውን ሮዔ ጠራው።

«ያልታየ» ያልኩት ለማሳመር አይደለም። ሰባት ልጆች ያልፋሉ፤ ሦስቱ በስም ይጠራሉ፦ ኤልያብ፣ አሚናዳብ፣ ሣማ። ሳሙኤል ግራ ገብቶት «ልጆችህ እነዚህ ብቻ ናቸውን?» ብሎ ሲጠይቅ እሴይ «ታናሹ ቀርቷል፤ በጎች ይጠብቃል» ይላል። ስሙን እንኳ አይጠራም። ዕብራይስጡ «ሃቃጣን» ነው፤ ልክ እንደ አማርኛው «ታናሽ»፣ በዕድሜ የመጨረሻውም በደረጃ ዝቅ ያለውም ይሆናል። «ዳዊት» የሚለው ስም በመጽሐፈ ሳሙኤል ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጻፈው በቁጥር 13 ነው፤ ዘይቱ ከፈሰሰበት በኋላ። እስከዚያ ድረስ አባቱም ነቢዩም ጸሐፊውም ስም አልሰጡትም። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ሁልጊዜ አንድ ሰው መጽሐፉን ገልጦ ያረጋግጣል። እርስዎም ያረጋግጡ።

ወደ ግጭቱ ልመለስ። በቁጥር 12 ልጁ ይመጣል፤ «ቀይ፣ ዓይኑ የተዋበ፣ መልኩም ያማረ» ነው። ልብ ይበሉ፤ ሰው የሚያየው «ወደ ዓይን» ነው ከተባለ አምስት ቁጥር ሳይሞላ ስለ ልጁ ከሚነገሩን ነገሮች አንዱ የዓይኑ ውበት ሆነ። ግጭቱ የእርስዎ ፈጠራ አይደለም፤ የጥንት ሰዎችም ቆርቁሯቸዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት ዕብራይስጡን ወደ ግሪክ የመለሱት ሊቃውንት ሰብዓ ሊቃናት እዚህ ላይ አንድ ቃል ጨምረው ይገኛሉ፦ «ለእግዚአብሔር መልኩ ያማረ»። አንዲት ጭማሪ ናት፤ ነገር ግን ማማሩን ከሰው ዓይን አውጥታ በእግዚአብሔር ዓይን ውስጥ ታስገባዋለች፤ ችግሩም እፎይ ይላል። የአይሁድ መምህራን ደግሞ ውበቱን ትተው «ቀይ» በሚለው ላይ ተቸገሩ። «አድሞኒ» የሚለው ቃል በዕብራይስጥ መጽሐፍ ቅዱስ ለሁለት ሰዎች ብቻ የተነገረ ነው፤ ለዳዊትና ለዔሳው። አማርኛ አንባቢ «ቀይ» ሲባል የቆዳ መልክ ያስባል፤ ብዙ ጊዜም እንደ ሙገሳ ይሰማዋል። መምህራኑ ግን ደም ታያቸው። ቤሬሺት ራባ በተባለው ጥንታዊ የአይሁድ የዘፍጥረት ትርጓሜ ሳሙኤል ይህን ቀይ ልጅ ባየ ጊዜ «ይህም እንደ ዔሳው ደም አፍሳሽ ሊሆን ነው» ብሎ ይፈራል። የሚሰጠው መልስ፣ ዔሳው በገዛ ፈቃዱ ይገድላል፣ ይህ ግን በሸንጎ ፍርድ እንጂ አይገድልም የሚል ነው። የቤርሳቤህ ባል ኦርዮ ላይ ስንደርስ ይህን መልስ እንዳንረሳው።

ሦስተኛው የጥንት ምላሽ በቤታችን ያለ ነው። ዳዊት የሚደግም ሰው ከ150ኛው መዝሙር በኋላ ያለችውን አጭር መዝሙር ያውቃታል፤ ከወንድሞቼ ታናሽ ነበርሁ፣ የአባቴን በጎች እጠብቅ ነበር የምትለውን። የግሪኩ ርእስ ራሱ «ከቍጥር ውጪ» ብሎ ለይቷታል። በእርሷ ውስጥ ዳዊት ራሱ ይናገራል፦ ወንድሞቹ መልከ መልካሞችና ረጃጅሞች ነበሩ፤ እግዚአብሔር ግን በእነርሱ ደስ አልተሰኘም። የራሱን ውበት አንድም ጊዜ አያነሣም። ቁጥር 12ን ያረመችው በመዝለል ነው ማለት እንችላለን። ለረጅም ጊዜ ይህች መዝሙር መጀመሪያውኑ በግሪክ የተጻፈች የሚመስላቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1956 በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን 11ኛው ዋሻ ከተገኘው የመዝሙር ጥቅል ውስጥ ግን ዕብራይስጧ ወጣ፤ እዚያም ስለ ወንድሞቹ አንድ ነገር ተጨምሯል፦ ጠጉራቸው ያማረ ነበር። ስለ ጠጉር ቆይተን እንመለሳለን።

የእኔ ንባብ የሚከተለው ነው። ቁጥር 7 ውበትን አያወግዝም፤ መለኪያ አይሁን ይላል እንጂ። ረጅምና ያማረ ሰው ሊመረጥ ይችላል፤ የሚመረጠው ግን ረጅምና ያማረ ስለሆነ አይደለም። ስለዚህ በጥሬው ስናየው ተቃርኖ የለም። ነገር ግን ጸሐፊው ዝም ብሎ ማለፍ ይችል ነበር፤ አላለፈም። በቁጥር 7 ላይ ራሳችንን እየነቀነቅን «እውነት ነው፣ መልክ ከንቱ ነው» ካልን በኋላ በቁጥር 12 ላይ ያንኑ መልክ አምጥቶ ያሳየናል፤ እኛም ደስ ይለናል። ሳሙኤል የወደቀበት ወጥመድ ለአንባቢው ሁለተኛ ተጠመደለት። አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ ይህን እንደ መራቀቅ ያዩታል፤ በጥንቱ ዓለም ንጉሥ ሁሉ ውብ ተብሎ ስለሚጻፍ የተለመደ የቤተ መንግሥት ቋንቋ ነው ይላሉ። ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። እኔን ያሳመነኝ ግን ኋላ የሚመጣው ነው። በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 14 በእስራኤል ሁሉ እንደ እርሱ በውበት የተመሰገነ የለም የተባለው አቤሴሎም ነው፤ ከእግሩ ጫማ እስከ ራሱ ነውር የለበትም፤ የሚላጨውም ጠጉር በንጉሥ ሚዛን 200 ሰቅል ይመዝናል፤ ይህ ከሁለት ኪሎ ግራም በላይ ነው። በሚቀጥለው ምዕራፍ ይህ ውብ ሰው የእስራኤልን ሰዎች ልብ ሰረቀ ይባላል። አመፀ፤ አባቱን ከኢየሩሳሌም አሳደደ። የቁምራኗ መዝሙር ለወንድሞቹ ጠጉር የሰጠቻቸው አቤሴሎምን እያሰበች ይሆን ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ጥርጣሬ ብቻ ነው። ሕዝቡ ግን ከሳኦል በኋላም፣ ከኤልያብ በኋላም፣ በዓይኑ መምረጡን አልተወም።

እዚህ ላይ «ያልተጠበቀ መሪ» የሚለውን አስተሳሰብ ትንሽ ላደናቅፈው። እኛ ዘንድ ዳዊትን «የናቁት ወንድ...» ብሎ እንደሚጀምረው ተረት አድርገን እናነበዋለን፤ የደሃ ልጅ፣ ባዶ እግሩን የሚሄድ፣ ማንም ያልቆጠረው። ምንባቡ ይህን አያረጋግጥም። እሴይ ከከተማው ሽማግሌዎች ጋር ለመሥዋዕት የሚጠራ ሰው ነው። ሳኦል ልጁን ሲያስመጣው አህያ እንጀራ አስጭኖ፣ የወይን ጠጅ አቁማዳና የፍየል ጠቦት ጨምሮ ነው የላከው። የእሴይ አያት ቦዔዝ በመጽሐፈ ሩት ባለጸጋ ነው። እረኝነቱም ቢሆን በጥንቱ የምሥራቅ ዓለም ጆሮ እንደ እኛ ጆሮ የዝቅታ ብቻ አልነበረም። የባቢሎኑ ሐሙራቢ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው ክፍለ ዘመን በሕግጋቱ መግቢያ ላይ ራሱን እረኛ ብሎ ይጠራል፤ «እረኛ» የነገሥታት ማዕረግ ነበር። እሴይ «በጎች ይጠብቃል» ሲል ልጁን ማራቁ ነው፤ አድማጩ ግን ንጉሥ የሚል ቃል ይሰማል።

ታናሽ ሆኖ መመረጥም በዕብራውያን ብቻ የተነገረ ታሪክ አይደለም። የኬጢያውያን ንጉሥ ሐቱሺሊ ሦስተኛው በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ያስጻፈው ጽሑፍ በእጃችን አለ። ከአባቱ ልጆች የመጨረሻው እንደ ነበረ፣ በልጅነቱ ሕመምተኛ እንደ ነበረ፣ ኢሽታር የተባለችው አምላክ ግን በሕልም ልካ ለራሷ እንደ መረጠችው ይተርካል። ለምን ይህን አስጻፈ? ዙፋኑን ከወንድሙ ልጅ ነጥቆ ስለ ነበር ነው። በ681 ከክርስቶስ ልደት በፊት የነገሠው የአሦሩ አስራዶንም ከወንድሞቹ ታናሽ ነበርሁ፣ አባቴ አማልክትን ጠይቆ መረጠኝ ይላል፤ እርሱም የነገሠው ወንድሞቹን ተዋግቶ ነው። ዳዊት ደግሞ ሳኦል በሕይወት ሳለ በስውር የተቀባ፣ ኋላም በሳኦል ቤት ፈንታ የነገሠ ሰው ነው። ስለዚህ ብዙ ሊቃውንት ከምዕራፍ 16 ጀምሮ ያለውን ታሪክ የዳዊትን ቤት መብት የሚያስረዳ ጽሑፍ አድርገው ያነቡታል፤ እኔም በአብዛኛው እስማማለሁ። ይህ እምነትን አይነካም፤ ጽሑፉ ለማን ይከራከር እንደ ነበር ይነግረናል እንጂ። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ሐቱሺሊ የራሱን ነውር አላስጻፈም። የዳዊት ታሪክ ግን ኦርዮን ጻፈ።

ታናሹ ታላቁን መቅደሙ በዕብራውያን መጻሕፍት ውስጥ ይመላለሳል፤ ይስሐቅ፣ ያዕቆብ፣ ዮሴፍ፣ ያዕቆብ እጆቹን አጣምሮ የባረከው ኤፍሬም፣ የዳዊት የሩቅ ቅድመ አያት የሆነው ፋሬስ። ስለ እነርሱ አላራዝምም። የሚገርመው ግን ዘዳግም 21 የበኩርን መብት በሕግ መጠበቁ ነው፤ የተወደደችውን ሚስት ልጅ ከበኩሩ ማስቀደም ክልክል ነው። ታሪኩ የሕጉ ተቃራኒ ሆኖ ይሄዳል፤ ለአባት ያልተፈቀደውን እግዚአብሔር ያደርገዋል።

አሁን ልብ ላይ እንድረስ። ዕብራይስጡ «ሌባብ» ነው፤ ከእኛው «ልብ» ጋር አንድ ሥር ነው። ትርጉሙም ከአማርኛው አይርቅም፤ «ልብ በል»፣ «ልብ የለውም»፣ «ልቡ ካልፈቀደ» ስንል የምናስበው የስሜትን ወይም የደግነትን ቦታ አይደለም፤ ማስተዋልን፣ ሐሳብን፣ ውሳኔን ነው። እግዚአብሔር ልብን ያያል ሲባል ሰው ያሰበውንና ሊያደርግ የወሰነውን ያያል ማለት ነው። በዳዊት ልብ ውስጥ ምን እንዳየ ግን ምዕራፍ 16 አንድ ቃል አይነግረንም። ንጹሕ ልብ አላለም፤ ትሑት ልብ አላለም። ሌሎች ሲጠሩ «እኔ ማነኝ?» ይላሉ፤ ሙሴ አፌ ይከብዳል አለ፣ ጌዴዎን ወገኔ ደካማ ነው፣ እኔም በአባቴ ቤት ታናሽ ነኝ አለ፣ ኤርምያስ ልጅ ነኝ አለ። ዳዊት እሺም እንቢም አላለም፤ የጠየቀው የለም። በምዕራፉ ውስጥ አንድ ቃል አይናገርም።

«እንደ ልቤ የሆነ ሰው» የሚለውስ? ቃሉ በመጀመሪያው ሳሙኤል 13 ቁጥር 14 ላይ ነው፤ በሐዋርያት ሥራም ይጠቀሳል። ዕብራይስጡ «ኪልባቦ» ነው፤ «እንደ ልቡ»። ከሊቃውንት መካከል ይህ ሐረግ የዳዊትን ጠባይ ሳይሆን የእግዚአብሔርን ምርጫ ይገልጻል፣ «እርሱ የወደደውን ሰው» ማለት ነው የሚሉ አሉ። ማስረጃቸውም ጠንካራ ነው፤ በሚቀጥለው ምዕራፍ የዮናታን ጋሻ ጃግሬ «እንደ ልብህ ከአንተ ጋር ነኝ» ሲል እንደ ፈቀድህ ማለቱ ነው፤ ዳዊትም በሁለተኛው ሳሙኤል 7 ቁጥር 21 «እንደ ልብህ ይህን ታላቅ ነገር ሁሉ አደረግህ» ብሎ ይጸልያል። እንደ ፈቃድህ ማለት ነው። ይህን ስናገር ደስ የሚለኝ አንድ ነገር አለ፤ በቤተ ክርስቲያናችን ዳዊት «ልበ አምላክ» ይባላል። ቃል በቃል ብንፈታው የአምላክ ልብ ነው፤ ልቡ የማን እንደሆነ ስሙ ራሱ ይናገራል።

ዳዊት አፉን የሚከፍተው በምዕራፍ 17 ነው፤ ያም ንግግር ስብከት የሚወደው ዓይነት አይደለም። በቁጥር 26 የመጀመሪያ ቃሉ ጎልያድን ለሚገድል ሰው ምን ይደረግለታል የሚል ነው። የእግዚአብሔር ስድብ የሚያንገበግበው ከዚያ ቀጥሎ ነው። ወዲያው ኤልያብ ይመጣል፤ አዎ፣ ያው ኤልያብ፣ እየተቆጣ፦ ኩራትህንና የልብህን ክፋት አውቃለሁ ይለዋል። ሰው ልብን አያይም ከተባለ አንድ ምዕራፍ አልሞላም፤ በመልኩ ምክንያት ሊመረጥ የነበረው ሰው የወንድሙን ልብ አይቻለሁ ብሎ ቆመ። ጸሐፊው ተሳስቷል አይልም፤ ልክ ነውም አይልም። እኔ በበኩሌ ጸሐፊው ሆን ብሎ ያቆያት ጥያቄ ትመስለኛለች።

በባለሙያነቴ አንድ ነገር መደበቅ የለብኝም። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የቫቲካን የግሪክ ብራና ምዕራፍ 17ን አሳጥሮ ይዞታል፤ ከቁጥር 12 እስከ 31 ያለው የለበትም። በዚያ ቅጂ የሽልማቱ ጥያቄም የኤልያብ ቁጣም የሉም። እንዲያ ከሆነ የዳዊት የመጀመሪያ ቃል የሚሆነው በቁጥር 32 ለሳኦል የተናገረው ነው፤ ዕብራይስጡ «ስለ እርሱ የሰው ልብ አይውደቅ» ይላል፣ ግሪኩ «የጌታዬ ልብ አይውደቅ»። በረጅሙ ቅጂ በሽልማት ይጀምራል፣ በአጭሩ በልብ። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ረጅሙን እመርጣለሁ፤ ሰው የሚመስለው እዚያ ነው።

ከሳኦል ጋር ስናስተያየው ደግሞ ሌላ ነገር ይወጣል። ሳኦልም ያልተጠበቀ መሪ ነበር፤ ይህን እንረሳዋለን። ከብንያም ነው፤ በመሳፍንት መጨረሻ 600 ወንዶች ብቻ ከቀሩለት ነገድ። ለሳሙኤል ወገኔ ታናሽ ነው ብሎ ነበር፤ ዕጣው ሲወጣበት በዕቃ መካከል ተሸሽጎ ተገኘ። በምዕራፍ 15 ሳሙኤል ሲገሥጸው የሚለው «በዓይንህ ታናሽ ብትሆን እንኳ የእስራኤል አለቃ አልሆንህምን?» ነው። ሳኦል በገዛ ዓይኑ ታናሽ ነበር፤ ዳዊት በሌሎች ዓይን። ትሕትና ለብቻዋ የምታስመርጥና የምታጸና ብትሆን ኖሮ ሳኦል ሊወድቅ አይገባም ነበር። እርሱ ግን ሕዝቡን ፈርቼ ነው እያለ ወደቀ። የአይሁድ መምህራን ሳኦል የተቀባው ከብርሌ፣ ዳዊት ግን ከቀንድ ነው፤ ቀንድ አይሰበርምና መንግሥቱ ጸና ይላሉ። ያማረ ትርጓሜ ነው፤ ሳኦል ምን እንዳጠፋ ግን አይነግረንም።

እንግዲህ ወደ ቤርሳቤህ። «ያ ልብ የት ሄደ?» ላሉት፣ መጀመሪያም ንጹሕ ነው ተብሎ አልተሰጠንም። በምዕራፍ 16 የተሰጠን መመረጡ፣ ዘይቱና ከዚያ ቀን ጀምሮ የወረደበት መንፈስ ነው። መመረጥ ሹመት ነው፤ የጠባይ ምስክር ወረቀት አይደለም። መዝሙር 78 ዳዊትን ከበጎች በረት ወሰደው ካለ በኋላ «በልቡ ቅንነት ጠበቃቸው» ይላል፤ ልብ ለሙገሳ የመጣው እዚህ ነው፤ እርሱም ከመመረጡ በኋላ ስለ ሠራው ሥራ እንጂ ስለ ተመረጠበት ምክንያት አይደለም።

በሁለተኛው ሳሙኤል 11 የሚሆነውን ያስታውሱ። ዳዊት በሰገነቱ ላይ ሲመላለስ አንዲት ሴት «አየ»፤ መልኳም እጅግ ያማረ ነበር ይላል። ግሡ ያው ነው፤ «መልክ» የሚለው ሐረግም ከቁጥር 12 ሐረግ ጋር ይቀራረባል። አንድ ጊዜ በመልክ እንዳይመዘን የተደረገለት ሰው አሁን ራሱ በመልክ ተመለከተ፤ ላከ፤ ወሰደ። ከዚያ በሸንጎ ፍርድ እንጂ አይገድልም የተባለለት ቀይ ልጅ ኦርዮን የሚያስገድል ደብዳቤ ጽፎ በኦርዮ በራሱ እጅ ለጦር አለቃው ለኢዮአብ ላከው። ሸንጎ የለም፤ ክስ የለም።

ኦርዮ ከሞተ በኋላ ዳዊት ለኢዮአብ የላከው መልእክት «ይህ ነገር በዓይንህ አይክፋ» የሚል ነው፤ ሰይፍ አንድ ጊዜ ይህን፣ አንድ ጊዜ ያን ይበላልና። ምዕራፉ የሚዘጋው ደግሞ ዳዊት ያደረገው ነገር በእግዚአብሔር ዘንድ ክፉ ሆነ ብሎ ነው፤ ዕብራይስጡ ግን «በእግዚአብሔር ዘንድ» አይልም። ሁለት ቁጥር ቀደም ብሎ ለኢዮአብ በተላከው መልእክት ውስጥ ያለውን ያንኑ ቃል ይደግመዋል፤ «በእግዚአብሔር ዓይን»።